ከሠላሳ አራቱ ስላይዶች የቀሩት አራቱ

ሰኞ፣ ጥር 4
ጠዋት መጋረጃ አጠብኩ። ከሰዓት በኋላ ንባብ ክፍሌን ልከፍት ስሄድ በሩ ላይ ደብዳቤ ተለጥፏል። ክፍሉ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ዕቃ ማከማቻ ሊሆን ነው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ስድስት ዓመት ለሰፈሩ አንባቢ ከፍቼ የያዝኩት ክፍል... ተቃውሞ ያለው በሚቀጥለው ሐሙስ የቀበሌው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ያስረዳ ይላል። ዐሥር ደቂቃ፣ በስላይድ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ይሄ ያቅተኛል?

ረቡዕ፣ ጥር 6
በልጄ ኮምፒውተር ሠላሳ አራት ስላይድ ሠራሁ። ርዕስ፣ ንዑስ ርዕስ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ። ሦስት ጊዜ አረምኩት። አንድም ግድፈት የለም።

ዓርብ፣ ጥር 8
ልጄ አየችው። እስከ መጨረሻው ገለበጠችው። ከዚያ፣ "እማዬ፣ ይሄ እኮ መጽሐፍ ነው።"
ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ከተጻፈ እኔ ምን ልሠራ እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ያልተጻፈ ይረሳል አልኳት። ትንሽ ተቀየምኩ።

እሑድ፣ ጥር 10
ልምምድ። ፕሮጀክተር ተውሰን ንባብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አበራን። ሦስት የድሮ ተማሪዎቼን ጠርቼ ነበር፤ ፋርማሲስቷን፣ ልብስ ሰፊውንና ባለታክሲውን። ሁሉም ሽበት ጀምሯቸዋል።
የመጀመሪያው ስላይድ ሲበራ ፋርማሲስቷ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። ሰፊውም ከደረት ኪሱ። አጎንብሰው መገልበጥ! ወደ ሁለተኛው ላልፍ ስል ባለታክሲው እጁን አወጣ።
"ቲቸር፣ አያጥፉብን፤ አልጨረስንም።"
እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ምን ላድርግ፣ ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ... ዐሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ስድስተኛው ላይ ነበርን። ስለ ምን እንደተናገርኩ ብጠይቅ አንዳቸውም አያውቁም። ልብስ ሰፊው ደብተሩን አገላብጦ፣ እዚህ አለ፣ ላንብብልዎት አለኝ።
በጽሕፈት ቤቱ ደረጃ ሥር ባዶውን ተቆልፎ የተቀመጠ ሰፊ ክፍል አለ፤ ዕቃው እዚያ ይገባል። በበሩ መስታወት አሻግሬ ያነሳሁት ፎቶው ሃያ ሰባተኛው ስላይድ ጥግ ላይ ነው። ማን ሊደርስበት?

ሰኞ፣ ጥር 11
ሠላሳውን ሰረዝኩ። ጥርስ እንደማስነቀል ነው። አራት ቀረ፦ ወንበሩ ሁሉ ተይዞ የተነሳው ፎቶ፣ አንድ ቁጥር (በቀን 46 አንባቢ)፣ ያ ባዶ ክፍል፣ የጥያቄዬ አንድ መስመር። ልጄ ፊደሉን አሳደገችው፤ ከመጨረሻው ወንበር አነበብኩት፣ ያለ መነጽር። የቀረውን በአፌ እናገራለሁ።
በአፌ... ብረሳስ?

ሐሙስ፣ ጥር 14
ተገላገልኩ!
 የመጀመሪያው ፎቶ ሲበራ አምስቱም የኮሚቴ አባላት ቀና አሉ። አንብበው ጨረሱ እንዳልል የሚነበብ የለም፤ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። እዚያ ማን እንደሚቀመጥ ነገርኳቸው። ለፈተና የምታጠናውን ነርስ፣ ከሚስቱ ሞት በኋላ በየቀኑ የሚመጣውን ግንበኛ። አንዱንም አልረሳሁ።
ሦስተኛው ላይ ዝም አልኩ። ተማሪ እስኪያስብ መጠበቅ አውቅበታለሁ። ሰብሳቢው ይሄ የት ነው አሉ። ከእግራችን በታች ነው አለች ጸሐፊዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ቁልፍ ተፈልጎ አምስቱም ወርደው አዩት። ሲመለሱ ሰብሳቢው፣ "ንባብ ክፍሉ ባለበት ይቆያል" አሉ። ይጻፍልኝ አልኩ። ተጻፈ።
ተናግሬ ስጨርስ ሁለት ደቂቃ ተርፎኝ ነበር። ድሮ ከደወል በፊት ጨርሼ አላውቅም። ምን ልጨምር ብዬ አሰብኩ... ምንም። ተቀመጥኩ።