ራሱን የሚያፈርስ ፖንቴ

ይድረስ ለሸሸኝ ታናሽ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራስ ይገኛል? ምነው ድምፅህ ጠፋ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ እናታችንም ስምህን ሳትጠራ አትውልም። ጽሑፌ ቢንጋደድብህ ጠጥቶ ነው እንዳትል።

ባልዲው ከእጅህ አምልጦ ኖራው አንድ ዓይኔን ከጋረደው ወዲህ ፊቴን ማየት አቅቶህ እንደሄድክ አውቃለሁ። ባልዲ ከማንም እጅ ያመልጣል ብዬ ስንቴ ሰው ብልክብህ አልሰማህም። አሁን ግን ጉድ ልንገርህ!

አንዲት የዓይን ሐኪም ከደህናው ዓይኔ ጠርዝ ከሰሊጥ የምታንስ ቁራጭ ወሰደች። እዚያ ውስጥ ስቴም ሴል የሚሏቸው፣ እየተባዙ የተጎዳውን የሚተኩ ሕዋሳት አሉ። እነሱን ቤተ ሙከራ ውስጥ በተሠራ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ በሚሳሳ ሽፋን ላይ አሳድጋ፣ ሽፋኑን ከነሕዋሳቱ በተጎዳው ዓይኔ ላይ ለጠፈችው። ሽፋኑ ለምን ይጠቅማል ብላት፣ ቆመው የሚሠሩበት መደገፊያ ነው አለችኝ። ፖንቴ ነዋ! አልኳት፤ ለሳኝ ያለ ፖንቴ መቼ ግድግዳ ላይ ይወጣል? ከት ብላ ሳቀች። ዛሬ ቤተ ሙከራው በሙሉ ፖንቴ ነው የሚለው።

ሕዋሳቱ የቆሙበት ለስላሳ ይሁን ጠንካራ ዳብሰው ያውቃሉ አሉ፤ ጠባያቸውም እንደዚያው ነው። አለቃ የላቸው፣ ውሃ ልክ የላቸው፣ ልስናቸው ግን እንከን አይወጣለትም። ሥራው ሲያልቅ ፖንቴውን ማን ያፈርሰዋል ብዬ ጠየቅኳት። ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል አለችኝ። እስቲ አስበው ወንድሜ። እኛ ዕድሜ ልካችንን ሚስማር ስንነቅል፣ እንጨት ስንሸከም ኖረን፣ ራሱን የሚያፈርስ ፖንቴ! የሠራውን ጌታ አመሰገንኩ፤ እሷንም መረቅኳት።

ፋሻው የተፈታ ቀን ደህናውን ዓይኔን ሸፍና ምን ይታይሃል አለችኝ። እሷ እንባዬን ስትጠብቅ እኔ፣ ይህን ግድግዳ የለሰነው ማን ነው፣ ሆድ አውጥቷል እኮ አልኳት። እንባው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የእሷም ጭምር።

ግድግዳውን እኔው እንዳስተካክለው ተስማምተናል። ኖራ የሚያቀብለኝ ሰው ግን ያስፈልገኛል፤ ካንተ ሌላ እጅ አላምንም።

አንተን ለማጽናናት ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ታውቀኛለህ። ይህኛውን ራስህ መርምረው። በል፣ እጄ ዛለ። ብዕር የያዘው አይደለም፤ ይህን ሁሉ ስጽፍ ደህናውን ዓይኔን የሸፈነው ግራዬ ነው።

ወደ ቤት የሚያመጣህን መንገድ ያቅናልህ።

አንተ እስክትመጣ ከፖንቴው ሥር የሚጠብቅህ፣
ታላቅ ወንድምህ