በአያ ጅቦ ጆሮ ውስጥ የነገርኳት

ግርማዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። የሙት ዓመትህ ዝግጅት ተጀምሯል፤ እህትህ እቴቴ አስካለ ብቅሉን አስፈጭታ፣ ጌሾውን ወቅጣ፣ ከአያት ሰፈር እዚህ ድረስ ትመላለሳለች። እኔን ግን ሲያስጨንቀኝ የከረመው ድግሱ አልነበረም። ረድኤት ናት። ልጃችን እስካለፈው እሑድ ድረስ መሞትህን አታውቅም ነበር።

አትቆጣኝ። የኛን ነገር ታውቀው የለ? ያን ቀን ገና ድንኳኑ ሳይተከል እቴቴ ልጅቷን በጓሮ አስወጥታ ወደ አያት ወሰደቻት። ለሕፃን መርዶ አይነገርም ተባለ። ስትመለስ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ፎቶህ ቡፌው ውስጥ ተቆልፎበት፣ እኔ ጥቁር ለብሼ ጠበቅኳት። ጥቁሩን ስትጠይቀኝ ገጠር ያሉ አክስቴ ሞተው ነው አልኳት። አንተስ? አንተማ እንጦጦ ጠበል ላይ ነህ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየችህ ብርድ ልብስ ተከናንበህ፣ በኔና በወንድሜ ተደግፈህ ወደዚያው ስትሄድ ስለነበር ለማመን አልተቸገረችም። ሱባኤ የያዘ ሰው አይጠየቅም ብላ እቴቴ ጨመረችበት። ከፍ ስትል ይነገራታል ተባለ፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በወጉ። ያ ማለዳ አልመጣም። እውነቱን ልንገርህና እኔም እንዳይመጣ እጸልይ ነበር። ይኸው ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ፤ ቄሱ በሰው ፊት ስምህን ሲጠሩ ትሰማለቻ።

ሰፈራችንን ብታየው አታውቀውም። መንገዱ ሰፍቷል፣ የድሮው አጥር ሁሉ ፈርሷል። ታክሲህን ይዘህ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ስትወጣ ጎማ ታስለጥፍበት የነበረው ቦታ መናፈሻ ሆኗል፤ ሣር አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ መብራት አለው። መሃሉ ላይ ምን እንዳቆሙበት ብነግርህ አታምነኝም። ጅብ! የሲሚንቶ ጅብ፣ ግርማዬ፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የሚያህል። ማን እንዳሰበው እንጃ። ለልጆች መጫወቻ ጥንቸል አለ፣ ቀጭኔ አለ፤ ሰውየው ቁጭ ብሎ አስቦ አስቦ ጅብ መረጠ። ልጆቹ በተከፈተው አፉ ይገባሉ፣ በአንገቱ ውስጥ ባለው ደረጃ ወደ ጭንቅላቱ ይወጣሉ፣ ከዚያ በጀርባው አልፈው ከጅራቱ ሥር በሸርተቴ ዱብ ይላሉ። በየት በኩል እንደሚወጡ እንግዲህ አንተ አስበው። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ስሙንም አያ ጅቦ አሉት፤ ያንተ ታክሲዎች እንኳ «ጅቡ ጋ ወራጅ አለ» ማለት ጀምረዋል።

እኔ አልሳቅኩም። ጥርሶቹን ነጭ ቀለም ቀብተዋቸዋል፣ ዓይኖቹ መስታወት ናቸው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ወደ ማዶ እሻገራለሁ። አንተ ብትኖር ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ከኋላው ተደብቀህ ትጠብቀኝ ነበር። ከሠርጋችን በኋላ በነበረው ክረምት ከእንጦጦ ስንወርድ፣ ባሕር ዛፉን ጉም ሸፍኖት ሳለ፣ ወደ ኋላ ቀርተህ እንደ ጅብ የጮህክብኝ ትዝ ይልሃል? ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩ። አኮረፍኩህ፣ ደግሞም በደንብ ነው ያኮረፍኩህ። ከዚያ ወዲህ እውነተኛው በጮኸ ቁጥር ጀርባህ ላይ ልጥፍ እል ነበር። አሁን የምለጠፍበት ጀርባ የለም። ጅቦቹ ግን ያው ይወርዳሉ።

ረድኤት ጅቡ ጋ ውሰጂኝ ስትል ከረመች። ዛሬ ልብስ አጥባለሁ፣ ዛሬ ዝናብ ይመጣል እያልኩ ሳመካኝ ቆይቼ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጄን ጎትታ ወሰደችኝ። እሷ በአፉ ገባች፣ እኔ ዞሬ ጅራቱ ጋ ቆምኩ። ልጆች እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ፤ ቀይ ሹራብ፣ ቢጫ ሹራብ፣ የኔዋ የለችም። ከሷ በኋላ የገቡት ወጡ፣ ተመልሰውም ገቡ። ስሟን ጠራሁ፣ መልስ የለም። ወደ አፉ ሮጥኩ። ደግሞ በጅራቱ ወጥታ እኔን ስታጣ ትደነግጣለች ብዬ ወደ ጅራቱ ተመለስኩ። የመናፈሻው ጥበቃ ሴት ናት፤ «ተረጋጊ እናት፣ ይሄ እንኳ የማይበላው ጅብ ነው» አለችኝ። አንተን የወሰደብኝ ነገር ልጄንም ሊወስድ መጣ ብዬ አሰብኩ። ሲሚንቶ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እንደዚያ አሰብኩ።

ጥቁር ቀሚሴን ሰብስቤ በጅቡ አፍ ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ደረጃው ለልጅ የተሠራ ስለሆነ በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ወጣሁ። ጉሮሮው አጋማሽ ላይ ስደርስ ድምፅዋን ሰማሁ። ከሰው ጋር ታወራለች። ክው አልኩ። እዚህ ጨለማ ውስጥ ከማን ጋር?

ብቻዋን ነበረች። የጅቡ አንድ ጆሮ ክፍት ነው፣ እንደ ትንሽ መስኮት፣ የብረት ፍርግርግ ያለው፤ የሚያሳየውም በቀጥታ እንጦጦን ነው። በአያ ጅቦ ጆሮ የተነገረ ነገር ተራራው ድረስ ይሰማል ብለው የሰፈሩ ልጆች ያወራሉ አሉ፤ እኔ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ልጅህ ፍርግርጉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ፊቷን ወደ ባሕር ዛፉ አዙራ እንዲህ ትላለች፦ «አባዬ፣ ብርድ ልብሱ ካነሰህ ሌላ አለን። ጠበሉ ካላዳነህም ና፣ እንዳመመህ ቤት ትተኛለህ። ስላንተ ስጠይቃት እማዬ ትፈራለች። ስለዚህ አሁን መጠየቅ ትቻለሁ። አንተ መጥተህ አይዞሽ በላት።»

አየህ ጉዴን? እሷ እንዳትሰበር ብዬ አፌን ይዤ ስከርም፣ እሷ ደግሞ እኔ እንዳልፈራ ብላ አፏን ይዛ ኖራለች።

ሽማግሌ አልነበረም፣ ጎረቤት አልነበረም፣ ማለዳም አልነበረም። ከታች የልጆች ጫጫታ ይሰማል። እዚያ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም ስለማይቻል ተንበርክኬ አቀፍኳት። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ ሐኪሙ ወደ ክፍሉ የጠራኝ ቀን እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። «ረድኤቴ፣ አባዬ ጠበል ላይ የለም» አልኳት። «ሞቷል። ከሞተ ቆየ፣ ልጄ።» ወዲያው አላለቀሰችም። በጆሮው ወደ ተራራው አየች፣ ከዚያ ቀሚሴን በጣቷ ነካችው። «ጥቁሩ የሱ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ያኔ ጮኸች። ያ ባዶ ጭንቅላት ጩኸቷን ተቀብሎ ደጋግሞ መለሰው፤ ታች ያሉት ልጆች ሁሉ ጸጥ አሉ። እኔም ዓመት ሙሉ በኩሽና ተደብቄ ያለቀስኩትን በግልጽ አለቀስኩት። ጥበቃዋ አፉ ላይ ቆማ ሌላ ልጅ እንዳይገባ ስትከለክል ቆየች። ስንወጣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለች፣ ለሁለታችንም፣ ረድኤትንም እንደ ትልቅ ሰው እያየች።

እቴቴ ስትሰማ ደረቷን ደቃች። «ጅብ አፍ ውስጥ መርዶ! ምን ጉድ ነው?» ብላ ተቆጥታ ሄደች፣ ስልክም አላነሳ አለች። ኋላ ግን ሳይታሰብ መጣች፤ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ጸጉሯን እየዳበሰች፣ ወንድሜ ወንድሜ እያለች አለቀሰች።

ፍርሃቴ ያለቀ እንዳይመስልህ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ገባ። ረድኤት አሁን መጠየቅ አይታክታትም። አባዬ ልጅ ሳለ ይደበድቡት ነበር? ታክሲው ውስጥ ምን ዘፈን ይከፍት ነበር? የምችለውን እመልሳለሁ። ትናንትና እራት ላይ «አባዬ ሲስቅ ድምፁ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ላስመስልላት አፌን ከፈትኩ። አልመጣልኝም። ፊትህ መጣ፣ ጥርስህ መጣ፣ ድምፁ የለም። ጉርሻውን ወደ ትሪው መለስኩት። ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

ዛሬ ጠዋት መገናኛ ወርጄ ተራ የሚጠብቁ ጓደኞችህን አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ሳቁን አስመስሉልኝ» ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም። ከዚያ አንዱ ሞከረ። ሌላው «አይደለም፣ መጀመሪያ ትን ይለው ነበር እኮ» ብሎ አረመው፤ ሦስተኛው ጉልበቱን እየመታ ጨመረበት። በዚያ ሁሉ ረዳትና ጥሩምባ መካከል ሳቅህ መጣ፣ ራሱ። ተሳፋሪው እያየኝ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም መሰለኝ። ለሙት ዓመቱ ኑ፣ ለልጅቷም እንዲሁ አድርጉላት አልኳቸው።

እንግዲህ ቃሌ ይኸው ነው፣ ግርማዬ። የያዝኩትን እነግራታለሁ፤ የረሳሁትን ደግሞ ከያዙት ሰዎች እየለመንኩ አመጣላታለሁ። አንድ ነገር ገና አልጠየቀችኝም፣ እንዴት እንደሞትክ። መምጣቱ አይቀርም። የዚያን ቀን ኩሽና አልገባም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ እየፈራሁም ቢሆን፣ እጄን ይዘህ እንደነበር፣ መጨረሻ ላይ የጠራኸውም የኔን ሳይሆን የሷን ስም እንደነበር እነግራታለሁ።

ያንተው፣
ትዕግሥት