አቶ እንግዳ ስም ወጣለት

ክንዱ ወንድሜ፣

«ከአየር የገባ ቆሻሻ ነው፣ ጣይው» ያልከኝ ባክቴሪያ አዲስ አበባን ጉድ አሰኘ!

ከእማማ አንጓች እግር ቁስል ወስደን ያበቀልነውን፣ ከወገዳ ድረስ ጭኔ ላይ አቅፌ አምጥቼ ለትልቁ ላብራቶሪ አስረከብኩ። ማንነቱ ስላልታወቀ ሳህኑ ላይ «እንግዳ» ብዬ ጽፌበት አልነበር? የበሽተኛው ስም መስሏቸው ኖሮ ዛሬ ጠዋት «የአቶ እንግዳ ውጤት!» ብለው ተጣሩ። «እንግዳ እኮ ባክቴሪያው ነው» ስላቸው ሳቃቸውን ለቀቁት።

ኃላፊዋ ወረቀቱን ስታነብ ግን ሁሉም ዙሪያዋን ከበቧት። የእኛን ክፍል የሚያክለው ማሽናቸው እንኳ ተሳስቶ በዘመዱ፣ በሌላ ባክቴሪያ ስም ጠርቶት ነበር። ዘረመሉ ሲመረመር ለካ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ ከተመዘገበ ገና ሁለት ዓመቱ ነው! «ማነው ይሄን የጠረጠረ?» አለች። «እኛ ነና፣ መስኮት ሥር ባለች አንዲት ማይክሮስኮፕ!» አልኩ። አንተንም ጨመርኩህ፤ ይቅር ብዬሃለሁ።

እሱን የሚገድለውን መድኃኒት በስልክ ነግሬሃለሁ፤ ይህ ፖስትካርድ ግን ግድግዳችን ላይ እንዲለጠፍ ነው። ቦታ አለቀብኝ። የእማማ አንጓችን ጉልበት ሳምልኝና «እግርዎ አይቆረጥም» በላቸው። አልሐምዱሊላህ! መናኸሪያ ድረስ በሁለት እግራቸው መጥተው ይቀበሉኝ።

አስማ