ሰይድ የሳታት ጥቁር ኳስ

የኔ አያሌው፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ወጣ። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ወልድያ ትማራለች። ከተማችን መርሳም መብራቷ ተመልሷል፣ ስልኩም ይሠራል፣ ባጃጁም እንደ ድሮው መንገድ ይዘጋል። የፑል ቤታችንን ጣሪያ አስጠግኛለሁ። ጠረጴዛው ግን ዛሬም ወደ በሩ ያዘነብላል፤ አንተ ነህ አላምን ብለህ የሞትከው።

ጠባዬም አልተለወጠም። ሽንኩርት ሻጯ አንድ ራስ ስትመርቅልኝ፣ የበሰበሰ እንዳይሆን አገላብጬ አያለሁ። አንተ እየሳቅህ "አንቺን ገነት ቢያስገቡሽ በሩ ለምን ተከፈተ ትያለሽ" ትለኝ ነበር። እኔም ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር እልሃለሁ። ዛሬ የምጽፍልህም ስለ አንድ ስንጥር ነው።

ልትለየኝ ሰሞን ከተማው በታጣቂዎች ተይዞ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ የስኳርህ መድኃኒት አልቆ ነበር። ወልድያ ድረስ ሰው ልኬ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከሳህ፣ እግርህ አበጠ፣ አንተ ግን "ሰይድን ጥሩልኝ" አልህ። የግራናው ሰይድ፣ ከጉልምስናችሁ ጀምሮ አብሮህ የተጫወተው ጓደኛህ፣ በእግሩ መጣ። የፑል ቤቱን በር ገርበብ አድርጋችሁ ጨዋታ ጀመራችሁ። የመጀመሪያዋን እሱ፣ ሁለተኛዋን አንተ አሸነፍህ። ሦስተኛዋ መለያ ሆነች።

ስንጥሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። በመለያዋ ሁሌም የምትሸነፈው አንተ ነበርህ። የከተታት የሚያሸንፍባት ጥቁሯ ኳስ ብቻ ስትቀር ላብ ያጠምቅሃል፤ መትቼ ልገላገል ብለህ ትቸኩላለህ። ሰይድ ደግሞ ሰው ቢጮህበትም ጣቱ አይንቀሳቀስም። የዚያን ቀን ግን ጥቁሯ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማ ሳለ፣ ሕፃን የማይስታትን ኳስ፣ ሳታት። ጠርዙን ነካችና ተንከባልላ መሃል ጠረጴዛ ቆመች። አንተ እንጨቱን ተደግፈህ ትንሽ ቆየህ። ትንፋሽህን ሰበሰብህ። ከዚያ ሳትቸኩል መታህና ከወዲያኛው ዳር ከተትካት። እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። በሳምንቱ ቀበርንህ።

ያ ሳቅህ ነው የቀረኝ። ሰይድ አዝኖልህ የለቀቀልህ ከሆነ ግን፣ ይዤው የኖርኩት ምጽዋት ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ለተዝካርህ መጥቶ ሲያለቅስ እንኳ፣ የጸጸት ለቅሶ ይሆን እያልኩ ከዓይኔ አላወጣሁትም።

በቀደም ለገበያ ሲመጣ አስገባሁትና ነጯንና ጥቁሯን ኳስ እንደዚያን ቀን አስቀመጥኩለት። ቦታቸውን አልረሳሁም። ምታ አልኩት። ጎንበስ አለና ከተታት። መልሼ አስቀመጥኩ፤ ደግሞ ከተታት።

"እንግዲያ አውቀህ ነው የሳትካት!" ብዬ ጮህኩበት።

እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። "እህቴ፣ በአላህ፣ እሱን እዚያ ጋ መልሰሽ አቁሚልኝና ያኔ ምታ በይኝ" አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም አለቀስኩ። ናፍቀኸኛል አያሌው፣ በጣም ናፍቀኸኛል።

እጁ ከድቶት ይሁን ልቡ ራርቶ፣ ከዚያ በላይ አልነገረኝም። ያንተዋን ኳስ ግን ማንም አልመታልህም። እንጨቱን ተደግፈህ የቆየሃትን ያችን ትንሽ ጊዜ፣ ሳትቸኩል ጎንበስ ማለትህን፣ እስክከተልህ ድረስ አልረሳውም። ፑል ቤት ለገባ ሁሉ፣ አያሌው ሰይድን በመለያዋ አሸነፈው እላለሁ። ሰይድም ካለ "አዎ፣ አሸንፎኛል" ይላል።

ቶሎ "አዎ" ማለቱን ግን እስካሁን አልወደድኩለትም።

ያንተዋ ዘነበች