የናኪቴምቤ ሪባን እስኪቆረጥ

ለተከበሩ የንጹህ መጓጓዣና የኃይል ቁጠባ ብሔራዊ ቃል ኪዳን ዋና አስፈጻሚ
ካምፓላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደ አገራችን ሴቶች ወግ በጉልበቴ ተንበርክኬ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉንፋኑስ ለቀቀዎት? በሚያዝያ የባትሪ ቤታችን ምርቃት የተላለፈው በጉንፋንዎ ምክንያት ነው ስለተባልን፣ መንደሩ በሙሉ ሁለት እሑድ ስለ አፍንጫዎ ጸልዮአል። እኔ በናኪቴምቤ ጤና ኬላ ሠላሳ አንድ ዓመት ያዋለድሁ ፔርፔቱዋ ናንቴጌ ነኝ፤ ይህንንም በአደባባይ የምጽፍልዎ ቀደም ሲል የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች በጽሕፈት ቤትዎ ጥሩ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ስለሰማሁና ልቀሰቅሳቸው ስላልደፈርሁ ነው።

በመጀመሪያ ምስጋና።

፩ኛ. አገራችን በባሕር ማዶ ጉባኤ ጭስ የሌለው መጓጓዣ ለማምጣት ቃል ስትገባ ያንን ቃል እንዲፈጽም ከመንደሮች ሁሉ የኛን ስለመረጡ እናመሰግናለን። ቦዳ ቦዳ የምንላቸው አሥራ አራቱ የሞተር ታክሲ ነጂዎቻችን የቤንዚን ሞተሮቻቸውን በየካቲት አስረክበው፣ በምትኩ በባትሪ የሚሄዱ አሥራ አራት አረንጓዴ ሞተሮች ተቀብለዋል። ቃል ኪዳኑ በናኪቴምቤ መቶ በመቶ ተፈጽሟል ብለው ሪፖርት ቢያደርጉ አይዋሹም፤ ከዚያ ወዲህ ከመንደራችን አንዲት ክር ጭስ አልወጣችም፣ አንድም ሞተር አልተንቀሳቀሰማ።

፪ኛ. ለምን እንዳልተንቀሳቀሱ ቢጠይቁኝ ጥፋቱ የኛው ነው። እያንዳንዱ ሞተር አንድ የተሞላ ባትሪ ይዞ ነበር የመጣው፤ ነጂዎቹም ያንን የጨረሱት ለክብርዎ ሰልፍ ሲለማመዱ ነው። ሊቀመንበራችን አቶ ካዮንጎ፣ “በሁለት በሁለት! አንገት ቀና! እንግዳው ፊት እንዲህ ተንጋዳችሁ ልታልፉ ነው እንዴ?” እያሉ ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያመላልሷቸው ዋሉ። የቀሩት አርባ ባትሪዎች ባሠሩልን የባትሪ መሙያ ቤት ውስጥ ናቸው። ጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ኃይል ሳያቋርጥ ስለሚሞላቸው በመስታወቱ በኩል አርባ አረንጓዴ መብራቶች ሲያበሩ እናያለን። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለኛ በመስታወት ተደርጎልናል። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው፣ ከበሩም ፊት ቀይ ሪባን ታስሯል።

በሩን ለምን አልሰበራችሁም ይሉ ይሆናል። የጎረቤት መንደር ሰዎች የውኃ ጉድጓዳቸው ሳይመረቅ ቀድተው ጠጡ፤ ፓምፑ ሲበላሽ ግን ማንም ሊጠግንላቸው አልመጣም፣ ያልተመረቀ ነገር በመዝገብ የለምና። እኛ ይህን አይተን ተምረናል። ስለዚህ በሚያዝያ፣ በሰኔና በነሐሴ ሦስት ጊዜ ድንኳን ተክለን፣ ማቶኬ የምንለውን ሙዛችንን ቀቅለን፣ ሴቶቻችን ባለ መቀነቱን የክብር ቀሚሳቸውን ለብሰው ጠብቀናል። በሰኔ እርስዎ ስለ ንጹህ መጓጓዣ ለመነጋገር ባሕር ማዶ ሄደው ነበር። በነሐሴ ለሰባቱ አጃቢ መኪኖች ነዳጅ እንደጠፋ ተነገረን። እኔም ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስደውል ጸሐፊዎ በትሕትና፣ “ኧረ እማማ፣ ይታገሱ እንጂ! ክቡርነታቸው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስብሰባው እኮ ስለ እናንተው ነው!” ብላኛለች። ልጅቱን ያሳደጓት ይባረኩ።

፫ኛ. ለጤና ኬላችን ስለተላኩት አሥራ ሁለት ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ከልብ አመሰግናለሁ። የመብራት መስመር ስለሌለን ቁጠባው ፍጹም ነው።

፬ኛ. ይህን ቁጥር ባልፈው ደስ ባለኝ። ያ የነሐሴ ቀን፣ ሕዝቡ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ናኪቶ የምትባል የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ምጥ ጠናባት። ሕፃኑ ተቀርቅሮ ነበር፤ እጄ ማድረግ የሚችለውን አድርጎ አቃተው። ሆስፒታሉ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ በሞተር አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ በመንደሩ ደግሞ መኪና የለም። ነጂዎቹ ለእርስዎ የለበሱትን አረንጓዴ ሰደርያ እንደለበሱ አልጋዋን ተሸክመው እየተፈራረቁ ወጡ፤ ተሰልፈው በቆሙት አሥራ አራቱ ሞተሮችና በአርባዎቹ መብራቶች ፊት አለፍን። ሕፃኑ አሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሞተ። እናቱ ተርፋለች፤ በመንገድ ስታገኘኝ ግን አታየኝም። እኔም አልፈርድባትም፣ መዶሻ እያለ መስታወት የሚጠብቅ መንደር አዋላጅ ነኝና።

፭ኛ. አሁን ደግሞ ኑዛዜ። የታሰረው ሪባን የእርስዎ ሪባን አይደለም። ዋናውን በመስከረም የሰምባትያ ፍየል በልታዋለች። ሰምባትያ ከነጂዎቻችን አንዱ ነው፤ ሊቀመንበሩ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ፍየልህ የበላችው እኮ የመንግሥት ሪባን ነው! አሁን ምን ይቆርጡልን?” ብለው ቢጮሁበት፣ ሚስቱ ናሙሲሲ፣ “ይኸው፣ እኔን እንደሆነ አልዞርልኝ ብሏል” ብላ የክብር ቀሚሷን ቀይ መቀነት ፈትታ ሰጠች። ሆዷ ገፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምንጠብቀው፣ ዘበኛ ያቆምንለት፣ ዝናብ ሲመታው የምንወለውለው ሪባን የአንዲት እርጉዝ ሴት መቀነት ነው።

፮ኛውና የመጨረሻው። ናሙሲሲ መንታ ነው ያረገዘችው። በእጄ ዳስሼ እንዳየሁት አንደኛው በአግድም ተኝቷል፤ እኔ ላዋልዳት አልችልም። ሆስፒታሉ ምጥ ሳይጀምር አልጋ አይሰጥም፣ ዝናቡ ስለገባም በመንገዱ ያለውን ረግረግ ከሞተር በቀር የሚሻገር የለም። ጊዜዋ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እባክዎ ይምጡ። ካልተመቸዎት ሹፌርዎን ይላኩ። እርሱም ካልተመቸ በስልክ “ክፈቱ” ይበሉ፤ አንድ ቃል ነው፣ ነዳጅ አይጨርስም። ብዙ ሴቶች አዋልጃለሁ፣ ብዙም ለምኛለሁ፣ እንዲህ ፈርቼ ግን አላውቅም።

ለጤናዎ፣ ለአፍንጫዎ፣ ለሰባቱ መኪኖችዎና በየጉባኤው ለሚገቧቸው ቃል ኪዳኖች ሁሉ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወንበሮቹ ሁሉ ከፍ ያለው የክብር ወንበርዎ ዛሬም ተወልውሎ እንደሚጠብቅዎት በማረጋገጥ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ታዛዥዎ፣ ለጊዜው፣
ፔርፔቱዋ ናንቴጌ
የናኪቴምቤ አዋላጅ

ማስታወሻ፦ እስከ ሐሙስ ቀትር ካልመጡ ሰምባትያ መዶሻውን ይዞ ይመጣል። ሪባኑን አልቆርጠውም፣ መቀሴን ቀቅዬ ለሁለት እትብት አስቀምጬዋለሁ፤ የሰው መቀነት ስለሆነም በእጄ ፈትቼ ለባለቤቷ እመልሳለሁ። ከመዝገብዎ ቢሰርዙን ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ስሜን ከላይ ያገኙታል። ከሐሙስ በኋላ ሪባኑን ማየት ከፈለጉ ናሙሲሲ ወገብ ላይ ይፈልጉት። ምጧ ከሐሙስ ከቀደመ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከናኪቶ ልጅ አጠገብ ይፈልጉን። እዚያ ለመግባት ቁልፍ አያስፈልግዎትም፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ በነሐሴ የተከፈተው ያለ ምርቃት ነው።