በሰባት ድምፅ ዋናተኛ ስለሆነው በራሪ እንስሳ

ለክቡር አቶ ሥዩም
በናይሮቢ የኢትዮጵያውያን ልጆች የቅዳሜ ትምህርት ቤት የቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ ወገብዎና በተለይም መነጽርዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እጄ ግን አርፎ መቀመጥ እምቢ ብሎኛል። ከሰኞ ጀምሮ በቀን ሁለቴ በማታቱ ታክሲ እየመጣሁ የቤተ መጻሕፍቱን ግድግዳ አይቼ እመለሳለሁ፤ ዘበኛው ጋሽ ካሣሁን የጠፋብኝ ዕቃ እንዳለ ጠይቀውኛል።

ምናልባት ከረሱኝ፣ አድነው ነኝ፤ የሮሃ አባት። ሩንዳ ሰፈር ውስጥ የእኔ ብሩሽ ያልነካው አጥር ካለ ባለቤቱ ቀለም የማይወድ ሰው ነው። በትምህርት ቤትዎ የማታ መሠረተ ትምህርት ከአሥራ አንድ ተማሪዎች አንደኛ ወጥቼ፣ እርስዎ የፈረሙበትን የምስክር ወረቀት ባለፈው ወር ተቀብያለሁ። ከፈተና ወረቀት ሌላ በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህ ስለሆነ፣ ዕድሉ ለእርስዎ በመድረሱ እንኳን ደስ አለዎት። ቅጂውን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩትም ደስታዎን ወላጆች ሁሉ እንዲካፈሉ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የልጆች መጽሐፍ ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ከፍተው ሰጡኝና፣ በዳይኖሰሮች ዘመን የኖረውን ባለ ረጅም መንቁር እንስሳ በግድግዳው ላይ አሳድጌ እንድስለው አዘዙኝ። ሳልኩት። ባሕር ውስጥ፣ በሁለት ሰፋፊ መቅዘፊያዎች ሲዋኝ፣ ልክ እንደ መጽሐፉ አድርጌ፤ እንዲያውም ውኃው ከመጽሐፉ ይበልጣል። ከሥዕሉ ሥር ሦስት መስመር ጽሑፍ ነበረ፤ ያኔ ለእኔ የሐረግ ጌጥ ነበር። ባለፈው ወር መምህርት አጸደ የወደድነውን መጽሐፍ መርጠን እንድናነብ ሲፈቅዱልን፣ ያንኑ ገጽ ገለጥኩና ይህንን አነበብኩ፦ «ይህ ሥዕል ስህተት ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህ በራሪ እንስሳ በባሕር የሚዋኝ መስሏቸው እጆቹን መቅዘፊያ አድርገዋቸው ነበር። ትክክለኛውን ሥዕል በሚቀጥለው ገጽ ይመልከቱ።»

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ገጽ አመራረጥዎ። እኔ ማንበብ ስለማልችል አላነበብኩም፤ እርስዎ ደግሞ ማንበብ ስለሚችሉ አላነበቡም። ትክክለኛው እንስሳ ክንፉን ዘርግቶ ከወረቀቱ ጀርባ ይጠብቀን ነበር፤ አንድ ቅጠል መግለጥ ግን ዲግሪ ላለው ሰው ምን ያህል ድካም እንደሆነ እረዳለሁ።

፪. ስለ ጣቱ። ከሥዕሉ ጎን በድንጋይ ውስጥ የተገኘው አጥንት ፎቶግራፍ ነበረ፤ የቀለበት ጣቱ ብቻውን ከክንዱ በላይ መርዘሙን አይቼ፣ ለዋና እንዲህ ያለ ጣት ምን ያደርግለታል ብዬ ጠይቄዎት ነበር። መልስዎን አልረሳሁትም፦ «አድነው፣ አንተ ቀለምህን ቀባ፤ ሳይንሱን ለእኛ ተወው።» ተውኩላችሁ። አሁን እንዳነበብኩት የክንፉ ቆዳ የተወጠረው በዚያው ጣት ላይ ነው። ሸራ ወጥሬ የማውቅ ሰው ስለሆንኩ፣ ጣቱ ምሰሶ መሆኑን ከፊደል በፊት ጠርጥሬዋለሁ፤ ይህንን የምለው ለጉራ ነው።

፫. ስለ ቃለ ጉባኤው። ስህተቱን ባመለከትኩ በሦስተኛው ቀን ቦርዱ ተሰብስቦ፣ ሥዕሉ በቃለ ጉባኤ ስለጸደቀና ፎቶግራፉም በጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች ለሚሠሩ ወገኖቻችን በተላከው የጥሪ ካርድ ላይ ስለታተመ፣ እንስሳው እስከ እሑዱ የቤተ መጻሕፍቱ ምረቃና ከዚያም በኋላ ዋናተኛ ሆኖ እንዲቀጥል በሰባት ድምፅ ወሰነ፤ ብሩሽም እንዳይነካው ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ አስጠነቀቀኝ። በማኅተም መብረር የተከለከለ እንስሳ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ደብዳቤውን ግን ማንም ሳያግዘኝ ራሴ ስላነበብኩት አመሰግናለሁ።

የድሮዎቹን ተመራማሪዎች በበኩሌ አልቀየማቸውም። በእጃቸው የነበረው ድንጋይ ላይ የተጨፈለቀ አጥንት ብቻ ነው፤ የሚጠይቁት ጎረቤት፣ የሚገልጡት ቀጣይ ገጽ አልነበራቸውም። አንዱ ዋናተኛ አለው፤ ሌላው ጆሮና ጸጉር ሰጥቶ የሌሊት ወፍ አስመሰለው፤ አዲስ አጥንት ሲገኝ ደግሞ የኋለኞቹ የፊተኞቹን አረሙ። ለማረም የማንንም ድምፅ አልቆጠሩም።

፬. ስለ ሮሃ። እሑድ በእንግዶች ፊት ቆማ ስለ እንስሳው የምታስረዳው እሷ ናት። የሰጣችኋት ወረቀት «በመቅዘፊያዎቹ ይዋኝ ነበር» ይላል፤ መጽሐፉን ስላነበበችው እንዲህ አልልም ብትል፣ ስሟ ከፕሮግራሙ እንደሚወጣ ነግረዋታል። ይህንንም እችለው ነበር። ያልቻልኩት የእሷን ጥያቄ ነው፦ «አባዬ፣ ስትስለው ከሥሩ ያለውን አላነበብከውም እንዴ?»

ክቡር ሆይ፣ ይህች ልጅ ፊደል ከለየች ጀምሮ ወረቀት በሰጠችኝ ቁጥር መነጽሬን ረሳሁ እያልኩ ኖሬያለሁ። መነጽር የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። እንግዲህ ያላነበብኩበትን ምክንያት ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። እሷም፣ አቶ ሥዩምስ ለምን አላነበቡም አለችኝ። እሱን እርስዎ ይንገሯት ብዬ አቆይቼልዎታለሁ።

አምስተኛና ስድስተኛም ነበሩኝ፤ ሰሌዳው ሞላ። የምለምነው ሁለት ቀንና አንድ ቃል ፈቃድ ነው። ቀለሙ የራሴ ነው፤ ክንፎቹን ከእሑድ በፊት አደርሳቸዋለሁ።

ለመነጽርዎ ብርሃን፣ ለቃለ ጉባኤዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎት

አድነው
ቀለም ቀቢ፣ ሠዓሊ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አንባቢ
(ከላይ ያለው ፊርማ ነው፤ የጣት አሻራ አይደለም)

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ሥዕሉን ብሩሽ እንዳይነካው ያዘዙትን አክብሬያለሁ። ማስጠንቀቂያዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ከሥዕሉ በታች ስላለው ባዶ ግድግዳ ግን ምንም አይልም። ስለዚህ ፈቃዱ ቢዘገይ ብዬ የመጽሐፉን ሦስት መስመር ከመጨረሻው የእንግዳ ወንበር እንዲነበብ አድርጌ ዛሬ ጠዋት በነጭ ቀለም ጽፌዋለሁ። ሮሃ ፊደሉን አንድ በአንድ አይታ አንድም ስህተት አላገኘችበትም፤ ከፕሮግራሙ ብትወጣም ግድግዳው ፊት ቆማ ለማንበብ የቦርድ ድምፅ አያስፈልጋትም። የሰው ድካም እንዳይዘነጋም ከሁሉ በታች፣ በትንሹ፣ እንዲህ ጨምሬያለሁ፦ «ሥዕል፦ አድነው። ገጹን የመረጡት፦ ክቡር አቶ ሥዩም።»