ጥርት ባለ ሰማይ ሥር የመጣ ጎርፍ

ቆቦ፣ ሐምሌ ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ውድ የሻረግ፣

የእህቴ ልጅ ሶስና በኮምፒዩተር ያዘጋጀችው ሪፖርት «የዚህ ሜዳ ዝናብ ለእህል አይበቃም፤ ገበሬው ለሰፈራ ይነሣ» እንደሚል ነግሬሽ ነበር። ቦታው ላይ ሳትፈትሺው ፊርማሽን አታኑሪበት ብዬ እዚህ ድረስ አመጣኋት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደረቁን ወንዝ ጎርፍ ሞላው። እኛ ሰፈር ጎርፍ ሲመጣ ዕቃ እናሸሻለን፤ እዚህ ዶማ ይዘው ይቀበሉታል። ራቢዓ የምትባል ገበሬ ወደ ውሃው ስትሮጥ፣ እኔ ፈርቼ መቆሜን አይታ «አብሽሩ እናቴ፣ ተራራው የላከልን እንግዳ ነው፤ ብቻ መንገዱን ይልቀቁለት» አለችኝ። ገበሬዎቹ ውሃውን በቦይ እየመሩ ማሽላቸውን አጠጡ። ሶስና ጭቃው ውስጥ ቆማ «አክስቴ፣ እኔ ያስገባሁት ሜዳው ላይ የዘነበውን ብቻ ነው፤ ማሽኑ ያልሰጠሁትን የተራራውን ዝናብ ከየት ያምጣ?» አለች። ሪፖርቱን አስቀርታ ስሌቱን ከሥሩ ልትሠራው ነው። እፎይ ብዬ አደርኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የባለቤትሽ የጋሽ ታደለ ጉልበት ተሻለው? ልጆቹን ሳሚልኝ። ስላንቺ ሳወራላት ራቢዓ «እሸት ሲደርስ እሳቸውን ይዘው ይምጡ፤ እኛ እዚሁ ነን» ብላለች።

አስካለ